ሳይጋቡ አባት ለሆኑ፦ ልጅን ለማሳደግና ለማየት የትኛው መንገድ ይሻላል?

የልጄ እናትና እኔ አልተጋባንም ነበር። ስንለያይ ልጃችን 2 ዓመት ከ3 ወሯ ነው። የተስማማነው በቃል ነበር። "በፈለግክ ጊዜ መጥተህ እያት" አለችኝ። ከልቧ ነው ያለችው፤ እኔም አመንኳት። አራት ወር ያህል ሁሉም ሰላም ሆነ። ከዚያ እሁድ እሁድ ጠዋት "ዛሬ አይመችም" የሚል ቴክስት መምጣት ጀመረ። በሦስተኛው እሁድ ሕግ የሚያውቅ ወዳጄ ጋ ሄድኩ። የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። "አባቷ መሆንህን የሚያሳይ ወረቀት አለህ?" ፎቶ ላሳየው ስልኬን አወጣሁ። ሳቀብኝ።

ያን ቀን በተነገሩኝ ኖሮ የምላቸውን ነገሮች ነው እዚህ የምጽፈው። ሕጉ ከአገር አገር ይለያያልና ከመፈረማችሁ በፊት የምትኖሩበትን አገር ሕግ የሚያውቅ ጠበቃ አማክሩ። ፊታችሁ የሚቀርቡት ምርጫዎች ግን የትም ብትሄዱ ይመሳሰላሉ።

አባትነቱ ይቅደም

ያገባ ሰው ልጅ ሲወለድለት ሕጉ ራሱ "አባትየው እሱ ነው" ብሎ ይነሳል። ማንም ማስረጃ አይጠይቀውም። ያላገባ ግን አብዛኛውን ጊዜ ከዜሮ ይጀምራል። ስለ ጉብኝትም ሆነ ስለ ማሳደግ ከመናገሩ በፊት አባትነቱ በሕግ መታወቅ አለበት።

ለዚህ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው ከእናትየው ጋር ተስማምቶ አባትነትን መቀበልና ልደት ሲመዘገብ ስምን ማስገባት ነው። ሁለተኛው ክርክር ሲነሳ በፍርድ ቤትና በዲኤንኤ ማስወሰን። አንዳንድ አገሮች አብሮ መኖርንም ይቆጥራሉ፤ እሱ ግን አብሮ መኖሩን ማስረዳት ሲመጣ ምስክር ፍለጋ መሮጥ አለው።

መግባባቱ ካለ የመጀመሪያውን ምረጡ። ፈጣን ነው፣ ነገር አያከርም። ሁለት ነገር ግን ልብ በሉ። አንዱ፣ ፊርማው ቀልድ አይደለም። ለምሳሌ በአሜሪካ አባትነትን በፈቃዱ ተቀብሎ የፈረመ ሰው ሐሳቡን የሚቀይርበት ጊዜ 60 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ ማጭበርበር፣ ማስገደድ ወይም ከባድ የፍሬ ነገር ስህተት እንደነበረ ካላስረዳ አይፈታም። ጥርጣሬ ያለው ሰው ምርመራውን ከፊርማው ያስቀድም።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነው። አባት ተብሎ መመዝገብና ልጅ የማሳደግ መብት ማግኘት አንድ አይደሉም። በእንግሊዝ ከዲሴምበር 1 ቀን 2003 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) ወዲህ ስሙ በልደት መዝገብ የሰፈረ ያላገባ አባት የወላጅነት ኃላፊነት አብሮ ያገኛል። ከዚያ ቀን በፊት የተመዘገበ አባት ግን ስሙ ቢኖርም መብቱ አብሮት አይመጣም ነበር። በጀርመን ደግሞ አባትነትን መቀበል አንድ ነገር ነው፤ የጋራ አሳዳጊ ለመሆን ሌላ መግለጫ ያስፈልጋል፤ እናትም አባትም የሚሰጡት። እናትየው እምቢ ካለች ለአባት በሩ ለረጅም ጊዜ ዝግ ነበር። የአውሮፓ የሰብዓዊ መብቶች ፍርድ ቤት በ2009 እ.ኤ.አ. ይህ አድልዎ ነው አለ። በ2013 ሕጉ ተሻሽሎ አባትየው እናት ባትስማማም ፍርድ ቤት መጠየቅ ቻለ። አየርላንድ ደግሞ ከ2016 መጀመሪያ ወዲህ ቀን ትቆጥራለች፦ ከእናትየው ጋር 12 ወር አብሮ የኖረ፣ ከዚያ ውስጥ ቢያንስ 3 ወሩ ከልጁ መወለድ በኋላ የሆነ፣ ያለ ፍርድ ቤት የልጁ ሕጋዊ ሞግዚት ይሆናል።

ስለዚህ ለጠበቃ የሚቀርበው ጥያቄ "ስሜ ተመዝግቧል ወይ" ብቻ አይደለም። "መመዝገቤ ምን ሰጠኝ?" በሉት።

ስለ ዲኤንኤ ትንሽ። ናሙናው ከጉንጭ ውስጥ በጥጥ ይወሰዳል፤ አያምም። አባት ካልሆናችሁ ውጤቱ ቁርጥ ነው። ከሆናችሁ አብዛኛውን ጊዜ ከ99.9 በመቶ በላይ ይመጣል። በየቤቱ የሚሠራው ኪት ለራስ እርግጠኝነት ይጠቅማል እንጂ ፍርድ ቤት ብዙም አይቀበለውም። ፍርድ ቤት የሚፈልገው ናሙናው የማን እንደሆነ፣ ማን እንደወሰደውና በማን እጅ እንዳለፈ የተመዘገበበትን ነው። አንዴ ለሚደረግ ነገር ሁለት ጊዜ አትክፈሉ።

"ቆይ፣ ትንሽ ይረጋጋ፣ ከዚያ እጠይቃለሁ" የሚል ካለ እነዚህን ሁለት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጉዳዮች ጎን ለጎን ይያቸው። በ1972 የተወሰነው የአንድ የኢሊኖይ አባት ጉዳይ ነው። ከልጆቹ እናት ጋር ሳይጋቡ 18 ዓመት አንዴ አብረው አንዴ ተለያይተው ኖረዋል፤ ሦስት ልጅ አፍርተዋል። እናትየው ስትሞት ግዛቱ ልጆቹን ወሰደ። ምክንያቱ አባትየው ያላገባ መሆኑ ብቻ። ፍርድ ቤቱ ይህ አይሆንም አለ፤ ብቁ አለመሆኑ ሳይሰማና ሳይረጋገጥ ልጆቹን ማጣት የለበትም። በ1983 ደግሞ የኒው ዮርክ አባት መጣ። ልጅቷ 2 ዓመት ሆኗት ነበር። እናቷ ሌላ ሰው አግብታ ባልየው በጉዲፈቻ ሊወስዳት አመለከተ። ኒው ዮርክ ውስጥ "አባት ነኝ" የሚሉ ወንዶች የሚመዘገቡበት መዝገብ ነበር። ፖስትካርድ መላክ ይበቃ ነበር። አልላከም። ጉዲፈቻው ሳይነገረው ጸደቀ፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም አጸናው። ሁለቱም ወላጅ አባቶች ናቸው። አንደኛው ልጆቹን ሲያሳድግ ኖሯል፣ ሁለተኛው ፖስትካርድ እንኳ አልላከም።

"ማሳደግ" ሲባል የቱ?

በአንድ ቃል የምንጠራው ነገር ውስጡ ሁለት ነው። አንዱ የመወሰን መብት ነው፦ የት ትማር፣ ቀዶ ሕክምና ይደረግላት ወይስ አይደረግላት፣ ፓስፖርት ይውጣላት ወይ። ሌላው ልጁ የት ያድራል የሚለው ነው። ሁለቱ ተለያይተው ሊሰጡ ይችላሉ። ልጁ ከእናቱ ጋር እየኖረ ውሳኔው የጋራ ሊሆን ይችላል። ከሁለቱም ያነሰው ደግሞ የመጎብኘት መብት ነው። ማየት፣ አብሮ መዋል፣ ማሳደር፣ በስልክ ማውራት።

እዚህ ላይ የግል አስተያየቴን ልበል። አብዛኛው አባት ተናዶ ሲገባ የሚጠይቀው "ልጁ እኔ ጋ ይኑር" የሚለውን ነው። ከሁሉም የሚከብደው እሱ ነው። የመወሰኑን መብት ግን ይረሳዋል። ከተረሳ በኋላ ልጁ ትምህርት ቤት መቀየሩን በሰው ሰው ይሰማል። እኔ ብሆን የጋራ ውሳኔን በመጀመሪያው መስመር አስቀምጥና የማደሪያውን ጉዳይ በልጁ ዕድሜ ልክ እደራደራለሁ። እናትየው ላይ ከባድ ችግር ከሌለ፣ ማለትም ጥቃት፣ ሱስ ወይም ልጁን መጣል ከሌለ፣ ብቸኛ አሳዳጊ ልሁን ብሎ መክሰስ ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ጠላትነት ነው።

ዳኛው የሚያየው የእናንተን ብልጫ አይደለም፤ የልጁን ጥቅም ነው። የ1989ኙ የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 9 ከወላጁ የተለየ ልጅ ጥቅሙን እስካልጎዳ ድረስ ከሁለቱም ወላጆቹ ጋር በቋሚነት የመገናኘት መብት አለው ይላል። ልብ በሉ፣ መብቱ የልጁ ነው። ወላጆቹ ተጋብተዋል ወይ የሚል ነገርም የለበትም። አቤቱታ ስትጽፉ "መብቴ ተነካ" ከሚለው ይልቅ "ልጄ ከአባቷ ጋር ስትውል ይህን ታገኛለች" የሚለው ይሰማል።

በቃል፣ በወረቀት ወይስ በክስ?

የቃል ስምምነት ነጻ ነው፣ እንደ ሁኔታው ይታጠፋል። ሁለቱ ተግባብተው እስከኖሩ ድረስ ከሱ የተሻለ የለም። ችግሩ አንዱ አዲስ ሰው ሲተዋወቅ፣ ሥራ ሲቀየር ወይም ቤት ሲለወጥ ይተናል። የኔው በአራት ወሩ ተነነ።

ተፈርሞ በቤት የተቀመጠ ወረቀት ትንሽ ይሻላል። ምን ተስማምታችሁ እንደነበር ያስረዳል። ግን እናትየው ባታከብረው ወረቀቱን ይዛችሁ የምትሄዱበት ቦታ የለም፤ ከክሱ መጀመር አለባችሁ።

ልዩነት የሚያመጣው ያንኑ ስምምነት ለፍርድ ቤት አቅርቦ ማጸደቅ ነው። ያኔ ከስምምነት ወደ ትዕዛዝ ይለወጣል፤ ሲጣስ በቀጥታ አፈጻጸም መጠየቅ ይቻላል። ከክስ ይልቅ ፈጣን ነው፣ ወጪውም ያንሳል፣ እናትየውም ተሸነፍኩ አትልም። ብዙ ሰው "ተስማምተን ፍርድ ቤት ምን ያደርግልናል?" ይላል። የሚኬደው እኮ በተስማሙ ጊዜ ነው። ካኮረፉ በኋላ ማን ይፈርማል?

ስምምነት ላይ ለመድረስ አስታራቂ ይጠቅማል። ልጅ ነክ ጉዳይ የለመደ፣ ለሁለቱም ዘመድ ያልሆነ ሰው ይሁን። አጎት መሐል ሲገባ የሁለት ሰው ጉዳይ የሁለት ቤተሰብ ጣጣ ይሆናል። አንድ ማስጠንቀቂያ አለ፦ በመሐል ድብደባ ወይም ማስፈራራት ካለ ሽምግልና አይሆንም። የፈራ ሰው አይደራደርም። እንዲህ ያለው ቀጥታ ፍርድ ቤት ነው።

ክስስ መቼ? አባትነታችሁ ሲካድ። ልጁን ጭራሽ ማየት ስትከለከሉ። ልጁ ላይ አደጋ ሲኖር። ወይም ይዛው ራቅ ያለ ቦታ ልትሄድ መሆኑን ስትሰሙ። በነዚህ ጊዜ መጠበቅ ራሱ ይጎዳል። ፍርድ ቤቶች የተረጋጋን ልጅ ማናወጥ አይወዱም። ሁለት ዓመት ልጁን ሳታዩ ከቆያችሁ፣ ያ ሁለት ዓመት ማን ያመጣው ቢሆን "የለመደው ኑሮ" ይባላል። ስለዚህ ዋናው ክስ እስኪያልቅ ጊዜያዊ ትዕዛዝ አብራችሁ ጠይቁ። በሳምንት ሁለት ሰዓትም ቢሆን ክሩ አይበጠስም።

ስንት ቀን ልጠይቅ?

ነገሩ ሲጨመቅ ጠቡ በካላንደር ላይ ነው። በሌሊት እንቁጠረው።

በጣም የተለመደው በየሁለት ሳምንቱ ከአርብ እስከ እሁድ ነው። 2 ሌሊት በ26 ጊዜ፤ በዓመት 52። ከዓመቱ 14 በመቶ ገደማ ማለት ነው። ጥሩ ይመስላል፤ ግን በመሐል 12 ቀን ያለ አባት ያልፋል። ለ3 ዓመት ልጅ 12 ቀን ዘለዓለም ነው። በየሳምንቱ አንድ የረቡዕ ማደሪያ ሲጨመርበት በዓመት 104 ሌሊት ይሆናል፤ ከ28 በመቶ በላይ። በአንድ ሌሊት ጭማሪ እጥፍ። እኔ ከድርድሩ ሁሉ ያተረፍኩት ይህቺን ረቡዕ ነው።

እኩል መካፈል የፈለገ ሁለት ዓይነት አለለት። አንዱ ሳምንት በሳምንት ነው፤ ትምህርት ለጀመሩ፣ ከፍ ላሉ ልጆች ይመቻል። ሌላው ሁለት ቀን አንዱ ጋ፣ ሁለት ቀን ሌላው ጋ፣ ሦስት ቀን ተመልሶ አንደኛው ጋ፤ በሚቀጥለው ሳምንት ይገለበጣል። ልጁ ማንንም ከሦስት ቀን በላይ አይናፍቅም። ትንንሽ ልጆች ይሄን ይችሉታል፣ ወላጆች ግን ይደክማሉ። ሁለቱም የሚሠሩት ቤታችሁ ሲቀራረብና በየቀኑ ሳትሰዳደቡ ቴክስት መለዋወጥ ስትችሉ ነው። ካልሆነ 50 በመቶው በወረቀት ይቀራል።

ጡት ለሚጠባ ሕፃን አጭርና ቶሎ ቶሎ ይሻላል። በሳምንት ሦስት ጊዜ ሁለት ሁለት ሰዓት፣ በወር አንዴ ከሚደረግ ሙሉ ቀን ይበልጣል። ሕፃን የሚለምደው በድግግሞሽ ነው።

የሚቆጣጠር ሌላ ሰው ባለበት ልጁን እዩት የሚባል ትዕዛዝም አለ። ብዙ አባት እንደ ስድብ ያየውና እምቢ ብሎ ይቀራል። ስህተት ነው። ለረጅም ጊዜ ልጁን ላላየ ወይም ክስ ላለበት ሰው የመግቢያ በር ይሄው ነው። ብቻ መውጫው አብሮ ይጻፍ፦ ስምንት ጊዜ ሳያስተጓጉል ከመጣ፣ ከዚያ ለብቻው ሁለት ሰዓት፣ ከዚያ ሙሉ ቀን፣ ከዚያ ማደር።

አጻጻፉ ራሱ ምርጫ ነው። "አባት በአመቺ ጊዜ ልጁን ይጎበኛል" የሚለውን እዩት። ለማን አመቺ? ይህቺ ዓረፍተ ነገር ወደ "ዛሬ አይመችም" ትወስዳለች። ከሱ ይልቅ "በየሁለት ሳምንቱ አርብ ከቀኑ 11 ሰዓት ከትምህርት ቤት በር ይረከባል፤ እሁድ ምሽት 12 ሰዓት እናት ቤት ያደርሳል፤ ልጁ ከታመመ የሚቀጥለው ቅዳሜና እሁድ ይተካል" ይባል። ከትምህርት ቤት በር መረከብ የምትለዋን አትናቋት። ሁለቱ ወላጆች ደጃፍ ላይ ሳይገናኙ ልጁ ይሻገራል። ደጃፍ ላይ በነበርንበት ዘመን ልጄ ጫማዋን ለማሰር ብቻ ሩብ ሰዓት ትፈጅ ነበር። እኛ ስንነጋገር ጣቷ ክሩ ላይ ይቆም ነበር። በኋላ ነው የገባኝ።

ከአገር ስለ መውጣት

ይህ ክፍል ለሁሉም ላይመስል ይችላል፤ አንድ ዘመድ ውጭ አገር ላለው ሁሉ ግን ነው። የ1980 እ.ኤ.አ. የሄግ ኮንቬንሽን ያለ ፈቃድ ከአገር የተወሰደ ልጅ ወደ ነበረበት አገር እንዲመለስ ያደርጋል፤ ሁለቱም አገሮች አባል ከሆኑ። ነገር ግን "ይመለስልኝ" ማለት የሚችለው የማሳደግ መብት ያለው ነው። የመጎብኘት መብት ብቻ ያለው አይችልም፤ ጉብኝቱ እንዲመቻችለት ብቻ ነው የሚጠይቀው። በ2010 የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤት ያየው ጉዳይ ይህንን ነው። አየርላንዳዊ ያላገባ አባት ሦስት ልጆቹ ከእናታቸው ጋር ወደ እንግሊዝ ሄዱበት። ከልጆቹ ጋር አብሮ ኖሯል። ግን በዚያ ዘመን ሕግ የማሳደግ መብቱን ገና በፍርድ ቤት ትዕዛዝ አላገኘም ነበር። አወሳሰዱ ሕገ ወጥ አይደለም ተባለ።

በዚያው ዓመት የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሌላ ጉዳይ "ልጁ ያለ አባቱ ፈቃድ ከአገር አይውጣ" የሚል መብት ራሱ እንደ ማሳደግ መብት ይቆጠራል ብሏል። ስለዚህ ልጁ እናት ጋ ይኑር፣ እኔ ልጎብኝ ብላችሁ ብትስማሙ እንኳ "ያለ ሁለታችን የጽሑፍ ፈቃድ ከአገር አይወጣም" የሚለው መስመር ይግባ። ደንቡ እናንተንም ያስራል። ልጁን ተደብቆ ይዞ መሄድ ያሰበ አባት ካለ፣ ጉዳዩን በገዛ እጁ ገደለው።

ቀለብና ጉብኝት

ሁለቱ አይያያዙም። በአብዛኛው አገር ፍርድ ቤት ለየብቻ ነው የሚያያቸው። "ካላሳየችኝ አልከፍልም" ያለ አባት ዳኛ ፊት ሲቀርብ ባለ ዕዳ ሆኖ ነው የሚታየው። "ካልከፈለ አላሳይም" ማለትም እንደዚያው ነው። ክፍያው በባንክ ይሁን፣ በእጅ አትስጡ። ደረሰኝ የሌለው ቀለብ እንዳልተከፈለ ነው። ገቢያችሁ ከቀነሰ ራሳችሁ አትቀንሱ፤ ማሻሻያ ጠይቁ።

ማስታወሻ ደብተርም ያዙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ምን ሆነ። ስድብ አይጻፍበት። የኔ ደብተር ላይ አብዛኛው ገጽ "በ11 ሰዓት ተረከብኩ፣ ጉንፋን አለባት፣ መድኃኒቷን ሰጠሁ" ይላል። ጠበቃው ከሁሉ ማስረጃዬ የወደደው እሱን ነው።

ስምምነቱ ሲያረጅ

ለ2 ዓመት ልጅ የተጻፈ ፕሮግራም ለ9 ዓመት ልጅ አይሆንም። ሲጻፍ "በየሁለት ዓመቱ ይታያል" የሚል ይኑርበት፤ አለዚያ ለውጥ የፈለገ ሁሉ እንደ አዲስ ክስ ያየዋል። ያው የሕፃናት መብቶች ኮንቬንሽን በአንቀጽ 12 የራሱን ሐሳብ መፍጠር የሚችል ልጅ በሚመለከተው ጉዳይ ይሰማ ይላል። የልጁ ቃል ብቻውን አይወስንም፣ እንደ ዕድሜው ግን ይመዘናል። አንድ ነገር ብቻ፦ "ከማን ጋር መኖር ትፈልጊያለሽ?" ብላችሁ ራሳችሁ አትጠይቁ። ያንን ለዳኛው ወይም ለባለሙያው ተዉት።

በኛ ወረቀት ላይ ቅዳሜና እሁዱ የኔ ባልሆነበት ሳምንት ሰኞ ማታ 1 ሰዓት የስልክ ጥሪ አለ። የዛሬ ሰባት ዓመት ለዚህ ግማሽ ሰዓት ሁለት ቀጠሮ ተመላልሰናል። ባለፈው ሰኞ በሰዓቱ ደወልኩ። "አባዬ፣ ካርቱን እያየሁ ነው፣ ሲያልቅ እኔ እደውላለሁ" ብላ ዘጋችው። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ደወለች።